«ማድ ቤት» የማእድ ቤት እንጂ የጭቃ ቤት አይደለም

ስለ «ማድ ቤት» ስያሜ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ጸሐፊው የድሮ ቤት ክፍሎችን ስም ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ዛሬ ጓዳን ከማጀት ለይቶ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ስሙ አመጣጥ ከጻፉት ውስጥ እውነቱ ጥቂት ነው። ሐሳባቸው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ «ማድ» ጭቃ ማለት የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ማዕድ ቤት» የሚለው አጻጻፍ የተማሩ ሰዎች ኋላ ያበጁት ማስተካከያ ነው፤ «ማዕድ» ራሱ ከ«ማዕድን» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ማዕድ ገበታ ከሆነ ስሙ ለመመገቢያ ክፍል እንጂ ለማብሰያ ክፍል አይገባም፤ ማድ ቤት፣ ጓዳ፣ ማጀት፣ ወጥ ቤት፣ ጭስ ቤት፣ ኩሽና ሁሉም አንድ ናቸው፤ ከነዚህም ጥንታዊው ከ«ኩሽ» የመጣው ኩሽና ነው፤ ማብሰያው ከዋናው ቤት የተለየው ምግብ መሥራት ስለተናቀ ነው፤ ስለዚህ «ማድ ቤት» ከቤት ፕላንና ከጽሑፍ ይውጣ። በየተራ እንመልስ።

በመጀመሪያ ጽሑፉ እርስ በርሱ እንደሚጣላ እናስታውስ። ቃሉ እንግሊዝኛ ከሆነ ከ«ማዕድን» ጋር ሊዛመድ አይችልም፤ ከ«ማዕድን» ጋር ከተዛመደም እንግሊዝኛ ሊሆን አይችልም። ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ገጽ ይዘዋል።

ስለ እንግሊዝኛው። ይህ ግምት ሰውን የሚያሳምነው በድምፁ ነው። እንግሊዞች ጭቃን የሚጠሩበት ቃል በፊደላችን ቢጻፍ በእርግጥም «ማድ» ይሆናል። ነገር ግን የሁለት ቋንቋ ቃላት በድምፅ መግጠም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ባዕድ ቃል ወደ አንድ ቋንቋ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጋር ነው። ፉርኖ ከነምድጃው ከጣሊያን መጣ፣ ሹካ ከዓረቦች፣ ፍሪጅ ከነመሣሪያው ከእንግሊዝኛ ገባ። ጭቃ ግን ከባሕር ማዶ አልመጣም። ቤት የሚሠራ ሰው ለወጋግራው፣ ለማገሩ፣ ለምርጊቱ፣ ለልስኑ፣ ለልቅለቃው ሁሉ የራሱ ስም አለው፤ ከነዚህ ውስጥ አንድ እንግሊዝኛ የለም። ታዲያ አናጢውም መራጊውም ያልተበደሩትን ቃል ወጥ የምትሠራው ሴት ብቻዋን ከየት ትበደረዋለች?

በዚህ ላይ የአሠራሩ ነገር አለ። ለምርጊት የሚሆነው አፈር ተቆፍሮ ይከመራል፤ ውኃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር እየተረገጠ ይቦካል፤ ለጥቂት ቀን ከርሞ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ካነሰ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭቃው በደንብ ሳይብላላ ከተመረገ ከማገሩ እየለቀቀ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁ ሲታይ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ ከዚያ ልስኑ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ በእበት ይለቀለቃል። ይህ ሁሉ ድካም የሚፈስሰው ለዋናው ቤት ነው። ማድ ቤቱ በብዙ ቦታ ከወገብ በላይ ሳይመረግ ይቀራል፤ አንዳንዴም እንጨቱ አራርቆ ተተክሎ ጭራሽ አይመረግም፤ ጭሱ በየቀዳዳው መውጫ እንዲያገኝ ነው። በግቢው ውስጥ ጭቃ ያነሰው ቤት «የጭቃ ቤት» ተብሎ ሊሰየም የሚችልበት ምክንያት የለም። ዋናው ቤትም፣ የበግ ጋጣውም፣ የአጥር ቤቱም ጭቃ በሆኑበት አገር ጭቃ ለማንም መለያ ስም አይሆንም።

የቃሉ ትክክለኛ መገኛ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ዘወትር የሚለው ነው። በግእዙ መዝሙር 22 ላይ «ወሠራዕከ ማእደ በቅድሜየ» ይላል፤ አማርኛው «በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ» ነው። «ማእደ» ላይ ያለው «ደ» ተሳቢ መሆኑን ያሳያል፤ ስሙ «ማእድ» ነው፤ ትርጉሙም ገበታ፣ የቀረበ ምግብ። ግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን የተተረጎመ ነው። ስለዚህ ቃሉ ኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ከመስማቷ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአገሩ ነበረ። ቃሉ በአካባቢው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማየት ደግሞ የቁርኣንን አምስተኛ ምዕራፍ ስም መመልከት ይበቃል፤ «አል-ማኢዳ» ይባላል፤ የዒሳ ሐዋርያት ከሰማይ እንዲወርድላቸው የለመኑት ማእድ የሚነገርበት ምዕራፍ ነው። የዓረብኛው «ማኢዳ» ከግእዝ የተወሰደ ነው የሚል ሐሳብ ካቀረቡት የቋንቋ ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልዴከ ነው። የብድሩን አቅጣጫ የማይቀበል ሰው እንኳ ሁለቱ ቃላት አንድ መሆናቸውን አይክድም።

ከ«ማእድ» ወደ «ማድ» ያለው መንገድ አጭር ነው፤ አማርኛ በየዕለቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። አማርኛ በቃል መሐልና መጨረሻ የሚገኙትን የግእዝ የጉሮሮ ድምፆች ጥሏቸዋል። ግእዙ «ርእስ» አማርኛው «ራስ»፤ ግእዙ «ላህም» አማርኛው «ላም»፤ «ብዕራይ» «በሬ» ሆነ፤ «ምእት» «መቶ»፤ «በልዐ» «በላ»፤ ከዚያው ከማድ ቤት ሳንወጣ «ቅብእ» «ቅቤ» ሆነ። «ማእድ» «ማድ» መባሉ የዚህ ሁሉ ወንድም ነው። እንዲያውም «ማድ» ሳይባል ቢቀር ነበር ማብራሪያ የሚያስፈልገው።

ጽሑፉ ቀጥሎ «ማዕድ ቤት» የሊቃውንት ማስተካከያ ነው ይላል። ግማሽ እውነት እዚህ ላይ አለ፤ ልንሸሽገው አንፈልግም። ሕዝቡ በአፉ የሚለው «ማድ ቤት» ነው። ሲጻፍ «ማዕድ» የሚሆነው ጸሐፊው የቃሉን ምንጭ ስለሚያስታውስ ነው። ከዚህም በላይ ዓይኑ «ዐ» የተጨመረበት አጻጻፍ ከግእዙ ጋር አይስማማም፤ በግእዝ ቃሉ በአልፋው «አ» «ማእድ» ተብሎ ነው የሚጻፍ። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ግን «ስለዚህ ቃሉ ሊቃውንት የፈጠሩት ነው» ሲሉ የቃሉን አሰካክ ሳያዩ አልፈዋል።

ሊቃውንት ቢሰይሙት ኖሮ ስሙ «ቤተ ማእድ» በሆነ ነበር። በግእዝ ሥርዓት «ቤት» ይቀድማል፤ ባለቤቱ ይከተላል፦ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤተ ልሔም። በአማርኛ ሥርዓት ግን «ቤት» በኋላ ይመጣል፦ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ፍርድ ቤት። «ማድ ቤት» የተሰካው በአማርኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ቃሉን ያጣመሩት በዚያ ቤት ውለው የሚያድሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። «ማእድ» የሚለው ቁራጭ ግእዝ ነው፤ ስያሜው ግን የቤተሰብ ነው። ይህን ለመፈተን አንድ ቀላል ነገር ይበቃል፤ ለስሙ ባለቤት መስጠት። «ቤተ መንግሥቱ» ሲባል ቅጥያው «መንግሥት» ላይ ይወድቃል፤ «ማድ ቤቱ»፣ «ማድ ቤታችን» ሲባል «ቤት» ላይ ይወድቃል። «ማዱ ቤት» የሚል ሰው የለም።

ስለ «ማዕድን» ረጅም መልስ አያስፈልግም። «ማዕድን» ከዓረብኛው «መዕዲን» የመጣ ሲሆን ሥሩ ዐ-ደ-ነ ነው፤ መነሻው መቀመጥንና መርጋትን የሚናገር ነው፤ ከዚያ ማዕድኑ ረግቶ የሚገኝበት ቦታ ተባለ። መጀመሪያ ላይ ያለው «ማ» ቅጥያ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ን» ግን የሥሩ ፊደል ስለሆነ አይወድቅም፤ «ማዕድናት» ሲባልም አብሮ ይሄዳል። «ማእድ» ላይ ያ «ን» ኖሮ አያውቅም። የ«አ»ና የ«ዐ» ልዩነት በአማርኛ ጆሮ ስለጠፋ ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። በዓረብኛ ግን ልዩነቱ አሁንም በአፍ ይሰማል፤ «ማኢዳ» የእኛ የ«አ» አቻ በሆነው ሐምዛ፣ «መዕዲን» የ«ዐ» አቻ በሆነው ዐይን ነው የሚጻፉት። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት በቤት ስሞች ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ፊደሉ ድምፁን ጥሎ መልኩን ብቻ ስለያዘ፣ መልካቸው የተቀራረበ ቃላት ዘመድ ይመስላሉ። የቃል ሥር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ግእዙ ቃሉን በየትኛው «አ»፣ በየትኛው «ሀ»፣ በየትኛው «ሠ» እንደሚጽፈው መመርመር አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ነው። «ማእድ ገበታ ከሆነ፣ ገበታ የሚቀርበው ሳሎን ነው፤ እንዴት ማብሰያው የገበታ ቤት ይባላል?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ገበታን አራት እግር ያለው፣ አንድ ቦታ የተተከለ ጠረጴዛ አድርገው ማሰባቸው ነው።

የማእድ ገበታ መሶብ ነው። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ የሚሰፋ፣ እግር፣ ዝርግ ሆድና ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ሰው በማይበላበት ሰዓት ሳሎን ተዘርግቶ አይቆምም፤ ቦታው ማድ ቤት ወይም ጓዳ ነው። እንጀራ ከምጣድ በሰፌድ ይወጣል፤ ትኩሱ ወዲያው ከተደራረበ በላብ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል፤ ስለዚህ እስኪበርድ ተዘርግቶ ይቆይና ከዚያ መሶብ ውስጥ ይደረደራል። የምግቡ ሰዓት ሲደርስ እንጀራው ይነጠፋል፣ የሚታጠፈው ይታጠፋል፣ ወጡ ይወጣል፣ ክዳኑ ይደፋል። ክዳኑ የእንጀራው ጠርዝ እንዳይደርቅ፣ ዝንብና አቧራ እንዳይገባ፣ ከሰው ዓይንም እንዲሰወር ነው። ከዚያ መሶቡ እንደተከደነ ተይዞ ወደ ሰዎቹ ይሄዳል። ተበልቶ ሲያልቅ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ የገበታው መኖሪያ ማድ ቤት ነው፤ ሳሎን የሚደርሰው በእንግድነት ነው።

ግሶቹም ይመሰክራሉ። «ማእድ ቀረበ»፣ «ማእድ ከፍ አለ» ነው የሚባለው። የተተከለ ጠረጴዛ አይቀርብም፣ ከፍ አይልም። የሚቀርብ ነገር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ነው የሚቀርበው፤ ያ የሚነሣበት ቦታ የማእድ ቤት ተባለ። «ማእዱን ባርኩልን» ሲባልም የሚባረከው ዕቃው ሳይሆን የቀረበው ምግብ ነው።

በዚህ ላይ በአማርኛ «የነገሩ ስም + ቤት» የሚሠራበትን ደንብ እናስተውል። ስሙ የሚነግረን ነገሩ የሚሰናዳበትንና የሚቀመጥበትን ቦታ ነው፤ የሚበላበትን ወይም የሚጠጣበትን አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ግቢ እንጀራ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ ቤት ወጥ የሚሠራበት፣ ጠጅ ቤት ጠጅ የሚጣልበት ነበር፤ ሰው ግብር የሚበላው በአዳራሹ ነው። ግምጃ ቤትም ግምጃ የሚለበስበት ቤት አይደለም፤ ያ የከበረ ጨርቅ የሚጠበቅበት ነው። ጠጅ ቤት «ጠጅ የሚጠጣበት» የሆነው ኋላ ጠጅ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ አሰናጁና ጠጪው አንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ነው። ቡና ቤትና ምግብ ቤትም የከተማ ስሞች ናቸው። ማድ ቤት ግን ወደ ገበያ ስላልወጣ የጥንቱን ትርጉሙን እንደያዘ ቀረ። ጸሐፊው ማድ ቤትን በምግብ ቤት ሚዛን ስለመዘኑት ነው ጐዶሎ የመሰላቸው።

አሁን ወደ ስድስቱ ስሞች እንምጣ። ጸሐፊው «ሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአነጋገር ነው» ብለዋል። በዛሬ ከተሜ አፍ ተቀላቅለው መነገራቸው እውነት ነው። ሆኖም ቤቱን የሚያውቅ ሰው አያደባልቃቸውም፤ ሥራቸው ይለያያል።

ጓዳ ዋናው ቤት ውስጥ ነው። በግድግዳ ወይም በመጋረጃ ተከልሎ ከእንግዳ ዓይን የተሰወረ፣ ጨለም ያለና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ነው። ጋኑ፣ የቅቤው ቅል፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ዱቄቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቅዝቃዜው በከንቱ አልተፈለገም፤ ጠላ አፉ ታፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ቅቤም ይቀልጣል። ጓዳ እሳት አይነድበትም። ወደ ጓዳ ለመግባት ከጣሪያ ሥር አይወጣም፤ ወደ ማድ ቤት ለመሄድ ግን ደጅ ይታለፋል። ክረምት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጓዳ ደርሳ የምትመለስ ሴት ነጠላዋ አይረጥብም።

ሊጥ ደግሞ የጠላ ተቃራኒ ነው። እርሾ የገባበት ሊጥ ለመብላላት ሙቀት ይፈልጋል። ደጋ ላይ ቡሃቃው ብርዳም ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ በሁለት ሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ ይዘገያል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ቡሃቃው ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ አብሲቱ የሚጣለውም እዚያው ነው። አንድ ቤት ሁለት ክፍል ያስፈለገው፣ ሁለት ስምም የያዘው ጠላና ሊጥ አንድ አየር ስለማይስማማቸው ጭምር ነው።

ማጀት ከሁለቱም ሰፋ ይላል። ከቤቱ በስተኋላ ያለው፣ እህሉ የሚበጠርበት፣ ዱቄቱ የሚነፋበት፣ የድንጋይ ወፍጮው የተተከለበት የሴቶች መዋያ ነው። ምድጃ ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው የቆየ አነጋገር የመረጠው ማጀትን ነው፤ «ወደ ማድ ቤት» አላለም። ዓረፍተ ነገሩ የሥራ ዓለምን ከሥራ ዓለም ጋር ነው ያነጻጸረው። ዛሬ የሴቶችን ወደ አደባባይ መውጣት የሚገልጹ ሰዎች «ከማጀት እስከ አደባባይ» የሚሉትም በዚያው ምክንያት ነው።

ወጥ ቤት የትልቅ ቤት ስም ነው፤ እንጀራውና ወጡ በተለያዩ እጆች በሚሠሩበት ቤት ብቻ ነው ለወጥ ብቻ የተለየ ቤት የሚያስፈልገው። ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰው ዞረ፤ ባለሙያዋ ራሷ «ወጥ ቤት» ተባለች። «ወጥ ቤት ቀጠሩ» ይባላል፤ «ማድ ቤት ቀጠሩ» አይባልም። ሁለቱ ቃላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሰው ሲሆን ሌላው ቤት ሆኖ ባልቀረ። ጭስ ቤት ከሁሉ ያነሰው ነው፤ ማገዶ የሚነድባት፣ ዕቃ የማይከማችባት ጠባብ ቤት፤ በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርባቸው ግቢዎች የታወቀች ናት።

ኩሽና የስድስቱ ታናሽ ነው፤ ጥንታዊው አይደለም። ከጣሊያንኛው «ኩቺና» የተወሰደ ነው፤ ያውም የሮማና የፍሎረንስ ሰዎች በሁለት አናባቢ መካከል ያለውን «ች» ወደ «ሽ» አላልተው «ኩሺና» እንደሚሉት። ትግርኛ «ክሽነ» ይላል። ጣሊያንኛ ከኤርትራ ጀምሮ፣ ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን፣ ከባኞና ከፉርኖ ጋር ይህንም ትቶ ሄደ። በ«ኩሽ» ብንፈታው «ና» ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም፤ ኩሽ የካም ልጅ ስም ነው፤ ከምድጃ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የለም። ስለዚህ ጸሐፊው ባዕዱን አገሬ፣ አገሬውን ባዕድ አድርገው ቦታ አለዋውጠዋቸዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ማድ ቤት ከዋናው ቤት የተለየው ምግብ መሥራት ስለተናቀ ነው የሚለው ነው። ይህን ያለ ሰው እንጀራ ሲጋገር ያለውን እሳት አላሰበውም። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል፤ መሐሉም ዳሩም እኩል መጋል አለበት፤ መሐሉ ብቻ ከጋለ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱ በቅጠል፣ በጭራሮና በኩበት እየተቆሰቆሰ ሰፍቶ መንደድ አለበት፤ ምጣዱ በጎመን ዘር እየታሰሰ፣ በአክንባሎ እየተከደነ፣ አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሌላው ሲፈስስ እሳቱ ለረጅም ጊዜ አይበርድም። ይህ እሳት በሣር ክዳን ሥር፣ ጭስ መውጫ በሌለው ቤት ሲነድ አንድ ፍንጣሪ ቤቱን ሊበላው ይችላል፤ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ልብስ ያጠቁራል። አቅም ያለው ሰው ስለዚህ ማድ ቤቱን ጥቂት እርምጃ አርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ዋናው ቤት በማያመጣበት በኩል ሠራው።

አቅም የሌለው ግን ምድጃውን ዋናው ቤት መሐል አድርጎ ኖረ፤ የናቀው ነገር ቢሆን ኖሮ መሐል ቤቱ ባላኖረው። ጭሱንም ተጠቀመበት፤ ጥቀርሻው የሣሩን ክዳን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ከእሳቱ በላይ የተሰቀለ የበቆሎ ዘርም ነቀዝ አይበላውም። ከሁሉም በላይ ቡና አለ። ቡና ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በዋናው ቤት፣ በእንግዳ ፊት ነው፤ ጭሱም ለእንግዳው ይቀርባል። እሳትና ማብሰል የውርደት ሥራ ቢሆኑ ኖሮ ቡናው ቀድሞ በተሸሸገ። የቡና ከሰል ጥቂት ስለሆነ ሳሎን ገባ፣ የምጣድ እሳት ብዙ ስለሆነ ደጅ ወጣ፤ ልዩነቱ የእሳቱ መጠን ነው። በነገሥታቱ ግቢም መብልና መጠጥ የሚነካ ሰው የታመነ ሰው ነበር፤ አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው ሕይወት የተጣለበት አደራ ስለያዘ ነው።

የሴቶች ድካም በማድ ቤት ጭስ ውስጥ ሳይታይ መኖሩን ጸሐፊው ማንሣታቸው ግን ተገቢ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ያ በደል የሚነገረው በማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ነው፤ «ማድ ቤት» የሚለው ስም ግን ንቀት የለበትም። ስሙ የተሰጠው በጭሱ ወይም በጥላሸቱ ሳይሆን ከዚያ ቤት በሚወጣው በተከበረው ነገር፣ በማእዱ ነው።

ስለ ቤት ፕላንና ስለ አጻጻፍ። «ማድ ቤት» ይውጣ ከማለት ይልቅ በቦታው ማዋል ይሻላል። ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ፣ ምጣድና ማገዶ የሚገባበት ቤት በፕላን ላይ «ማድ ቤት» ተብሎ ቢጻፍ አናጢውም የቤቱ ባለቤትም ይግባባሉ፤ ጭስ መውጫውና ከዋናው ቤት ያለው ርቀት ወዲያው ይታሰባል። ቤት ውስጥ ያለው፣ ቧንቧና ምድጃ የተገጠመለት ክፍል «ኩሽና» መባሉ ለምዷል፤ ቢቀርለት አይጎዳም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ግን ስሕተት ይወልዳል፤ «ኩሽና» ብሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ የእንጨት ምጣድ የሚያስገባ ሰው ግድግዳውን በአንድ ክረምት ያጠቁረዋል።

ሲጻፍ ለተራ ጽሑፍ «ማድ ቤት» ይበቃል፤ ሁለት ቃል ሆኖ፣ መሐሉ ተለያይቶ። ምንጩን ማሳየት የፈለገ «ማእድ ቤት» ብሎ በአልፋው «አ» ይጻፍ። «ማዕድ ቤት» ብሎ የለመደ ሰው አይወቀስም፤ ብዙ መጻሕፍት እንዲሁ አትመውታል፤ ግን በዓይኑ «ዐ» ተመርቶ ወደ «ማዕድን» እንዳይሄድ። ብዙ ቁጥሩ «ማድ ቤቶች»፣ ሲያያዝ «የማድ ቤት ዕቃ» ነው።